ፍሪሲዮን ለምን ያልቃል? ካምቢዮን በግቢ ማውረድና ሳይንሱ

ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወስደው ዳገት ላይ በሥራ መውጫ ሰዓት የተጓዘ ሰው ያንን ሽታ ያውቀዋል። የሚቃጠለው የፍሪሲዮን ሸራ ነው። ከፊት ያለው መኪና ሲቆም ብዙ ሾፌር የእጅ ፍሬን አይስብም፤ ፔዳሉን እስከ ግማሽ ለቅቆ፣ ቤንዚን እየሰጠ፣ መኪናውን ባለበት ይይዘዋል። ይህ ልማድ የሚያስከፍለውን በቁጥር ማሳየት ይቻላል። ቁጥሩን የተረዳ ሰው ደግሞ ፍሪሲዮኑን በገዛ እጁ ለመቀየር ሲነሳ የት የት መጠንቀቅ እንዳለበት ያውቃል።

መነሻው የሞተሩ ጠባይ ነው። የቤንዚን ሞተር ከዜሮ ተነስቶ ጉልበት መስጠት አይችልም። በሚኒሞ እንኳ በደቂቃ ከ700 እስከ 900 ጊዜ ያህል ካልዞረ ይጠፋል። የቆመ ጎማ ግን አይዞርም። የሚዞረውንና የቆመውን ቀስ በቀስ የሚያገናኝ ነገር የግድ ያስፈልጋል ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ገና ሳይዞር ሙሉ ጉልበቱን ስለሚሰጥ ይህ ችግር የለበትም፤ በቅርብ ዓመታት በአዲስ አበባ መንገዶች የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ፍሪሲዮን የሌላቸውም ለዚሁ ነው።

ከሞተሩ ክራንክ ሻፍት ጋር የታሰረ ከባድ የብረት ክብ አለ፤ ፍላይዊል ይባላል። በላዩ ላይ ፕሬሸር ፕሌቱ በቡሎኖች ይታሰራል። በሁለቱ መካከል የሚገባው ሸራ የተሰካው ወደ ካምቢዮ በሚገባው ሻፍት ጥርሶች ላይ ነው። እግር ከፔዳሉ ሲነሳ ዲያፍራም የሚባለው ጠፍጣፋ ስፕሪንግ ሸራውን ከፍላይዊሉ ጋር ያጣብቀዋል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ አንዲት ኩሽኔታ የስፕሪንጉን ጣቶች ገፍታ ታላቅቀዋለች።

ፍሪሲዮን ሳይንሸራተት የሚችለው ጉልበት አራት ነገሮች ተባዝተው ይገኛል። እነሱም የሸራው ፊቶች ብዛት፣ የመፋተግ መጠን፣ የስፕሪንጉ ግፊትና የሸራው አማካይ ራዲየስ ናቸው። ለአንዲት ትንሽ መኪና ግምታዊ ቁጥሮች እናስገባ፤ 2 ፊት፣ 0.3 መፋተግ፣ 4,500 ኒውተን ግፊት፣ 0.085 ሜትር ራዲየስ። ውጤቱ 230 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። የ1.3 ሊትር ሞተር የሚያወጣው ከፍተኛ ጉልበት ከ100 እስከ 110 ኒውተን ሜትር ስለሆነ ፍሪሲዮኑ ሁለት እጥፍ አቅም አለው። አሁን ከክራንክ ሻፍቱ ኋላ ያለው ዘይት ከልካይ ጎማ ደርቆ ጥቂት ዘይት ሸራው ላይ ፈሰሰ እንበል። መፋተጉ ወደ 0.1 ሲወርድ የሚቀረው 77 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። ሸራው ምንም ያህል አዲስ ቢሆን ይንሸራተታል። ካምቢዮው አንዴ ከወረደ ያችን ርካሽ ጎማ ሳይቀይሩ መልሶ መግጠም ትልቅ ጥፋት የሚሆነው ለዚህ ነው። በፍላይዊሉ ፊት ላይ የሚቀር የቅባት ጣት አሻራም ያው ዘይት ነው፤ ከመግጠም በፊት በፍሬን ማጽጃ ፈሳሽ መወልወል አለበት።

ወደ ዳገቱ እንመለስ። ከነተሳፋሪዎቹ 1,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና መቶ ሜትር ላይ አሥር ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ በፍሪሲዮን ብቻ ተይዞ ቆሟል። የመሬት ስበት ወደ ታች የሚስበው በ1,180 ኒውተን ያህል ነው። አንደኛ ማርሽና ዲፈረንሻሉ አንድ ላይ ጉልበቱን 14 ጊዜ ያህል ስለሚያባዙ ፍሪሲዮኑ ላይ የሚደርሰው 25 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሞተሩ በደቂቃ 1,500 እየዞረ ሸራው ስለቆመ የሞተሩ ሥራ በሙሉ ሙቀት ይሆናል፤ ወደ 4 ኪሎዋት። እንጀራ የሚጋግር የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚወስደው ያህል ማለት ነው፤ ያውም ከአንድ ሳህን በማይሰፋ ሸራ ላይ። በሜዳ ላይ በእርጋታ አንድ ጊዜ ለመነሳት ሸራው የሚሸከመው ሙቀት፣ በዳገቱ ላይ በአንድ ሴኮንድ ያህል ከሚሸከመው ብዙም አይበልጥም። ለአንድ ደቂቃ እንዲህ የቆመ ሾፌር ሸራውን በብዙ ደርዘን አነሳስ ያህል ያስቃጥለዋል።

የከተማዋ ከፍታም ይጨምርበታል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ጉልበቱ ስለሚቀንስ ሾፌሩ ለመነሳት ዙሩን ከፍ ያደርጋል። ሸራው ተንሸራትቶ እስኪይዝ ድረስ እያንዳንዱ ተጨማሪ ዙር ወደ ሙቀት ይለወጣል።

ካምቢዮ ከማውረድ በፊት በሽታውን ለይቶ ማወቅ ግማሹን ሥራ ያድናል። በአራተኛ ማርሽ እየሄዱ ቤንዚን ሲሰጡ ሞተሩ ብቻ ጮኾ ፍጥነቱ ካልጨመረ ሸራው እየተንሸራተተ ነው። ፔዳል ሲረገጥ የሚመጣ ድምፅ ከገፊዋ ኩሽኔታ ነው። ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ የሚሰማ፣ ፔዳል ሲረገጥ ግን የሚጠፋ ድምፅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ካምቢዮው ውስጥ ካለው የመግቢያ ሻፍት ኩሽኔታ ነው። ማርሽ አልገባ ካለ ሞተሩን አጥፍቶ መሞከር ይገባል። ሞተሩ ሲጠፋ ሁሉም በቀላሉ ገብተው፣ ሲነሳ ግን የኋላ ማርሽ ከተንጫጫ ፍሪሲዮኑ በሚገባ አልተላቀቀም። ምናልባት የፔዳሉ ገመድ ረዝሞ ወይም ፔዳሉ በዘይት የሚሠራ ከሆነ ዘይቱ ውስጥ አየር ገብቶ ይሆናል፤ ያ ካምቢዮ ሳይነካ ይስተካከላል።

አንድ ማርሽ ብቻ የሚንጫጫ ከሆነ ግን የሚጠረጠረው ሲንክሮናይዘሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ካዲላክ ለገበያ ያቀረበው ይህ ዘዴ የማርሹንና የሻፍቱን ዙር ከመጋጠማቸው በፊት ያመሳስላል፤ በብዙ ካምቢዮዎች ሥራውን የሚሠራው ሾጣጣ የነሐስ ቀለበት ነው። ለዲፈረንሻል የተዘጋጁ አንዳንድ ዘይቶች የድኝ ቅመማቸው ነሐስን ስለሚበላ የካምቢዮ ዘይት ሲገዛ የመኪናውን መመሪያ ማየት ያሻል፤ ብዙዎቹ አሮጌ ካምቢዮዎች የሚጠይቁት ጂኤል 4 የሚባለውን ደረጃ ነው።

በግቢ ለመሥራት የሚመቸው በኋላ ጎማ የሚነዳ መኪና ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ኮሮላ ጥሩ ምሳሌ ነው። የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀላል፤ ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደው ረጅም ዘንግ ይወርዳል፤ ስታርተሩና የማርሽ ዘንጉ ይላቀቃሉ፤ ካምቢዮው ወደ ኋላ ተስቦ ይወጣል። በአፍ ሲነገር ይቀላል። ከሠላሳ ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት በደረት ላይ ተይዞ ስለሚወርድ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። መኪናውን በክሪክ ብቻ አንስቶ ሥር መግባት በምንም ምክንያት አይፈቀድም፤ የክሪክ ጎሚኒ ሳያስጠነቅቅ ይለቃል። ጠንካራ የብረት መደገፊያ በደረቅና ደልዳላ ወለል ላይ ይቁም፤ ጎማዎቹም ይታገዱ።

ከሁሉ በላይ ብዙ ሰው የሚሸነፈው በመሃል መስመሩ ነው። ሸራው ቡሎኖቹ እስኪጠብቁ ድረስ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል፤ ሲጠብቁ ባለበት ይቆለፋል። ከመሃል ሁለት ሚሊሜትር ከወጣ የካምቢዮው ሻፍት በሸራው ጥርስ አልፎ ክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ ካለችው ትንሽ ኩሽኔታ አይደርስም። ለዚህ የሚሆን የፕላስቲክ ማእከል ማስያዣ ይሸጣል፤ ከሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሻጮች የተገኘ፣ ጥርሱና ጫፉ የሚገጥም የአሮጌ ካምቢዮ ሻፍት ግን ይበልጠዋል። የፕሬሸር ፕሌቱ ቡሎኖች በተቃራኒ በተቃራኒ፣ ጥቂት በጥቂት ይጠብቃሉ፤ አንዱ ቀድሞ ከጠበቀ ሽፋኑ ይጣመማል። የሸራው ፊት የሚዞርበት አቅጣጫም አለ። ተገልብጦ ከገባ መሃሉ ላይ ያሉት ትናንሽ ስፕሪንጎች የፍላይዊሉን ቡሎኖች ነክተው ፍሪሲዮኑ አልላቀቅ ይላል።

ካምቢዮው ሲመለስ በሻፍቱ ላይ ተንጠልጥሎ መቆየት የለበትም፤ ክብደቱ ሸራውን ያጣምማል። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ክፍተት ከቀረ በቡሎን ስቦ መዝጋት ክልክል ነው። ክፍተቱ መስመሩ አለመግጠሙን ይናገራል፤ በጉልበት የተዘጋ ክፍተት የካምቢዮውን ጆሮ ይሰብራል።

የቀረው ከሸራው የሚራገፈው አቧራ ነው፤ እኔን አብዝቶ የሚያስጨንቀኝም እሱ ነው። በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት አስቤስቶስ ሲጨመር ኖሯል። የዓለም ጤና ድርጅት ሁሉም የአስቤስቶስ ዓይነቶች ካንሰር እንደሚያመጡ ይናገራል፤ በሽታው የሚገለጠው ደግሞ አቧራው ከተሳበ ከ20 እስከ 40 ዓመት ቆይቶ ነው። በዓይን አይለይም፤ የየትኛው ሸራ አቧራ አስቤስቶስ እንዳለበት ግቢ ውስጥ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ሁሉንም እንዳለበት መቁጠር ነው የሚበጀው። የካምቢዮውን ሆድ በኮምፕሬሰር አትንፉ፤ በደረቅ መጥረጊያም አትጥረጉ። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉት፣ ጨርቁን በላስቲክ ከረጢት አስራችሁ አስወግዱ፣ የሥራ ልብሱን ከልጆች ልብስ ጋር አትጠቡ። ጋራዥ ያላችሁ ደግሞ ሥራ ሊለምዱ የመጡትን ወጣቶች በዚያ አቧራ ፊት አፍና አፍንጫቸውን ሳይሸፍኑ አታቁሟቸው።