ርኅራኄ ሙያ ሲያገኝ

ርኅራኄ የሌለው ዕውቀት ደረቅ ነው፤ ሙያ የሌለው ርኅራኄም እንባ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የመንግሥት ቢሆንም፥ ኦርቶዶክሳውያን ተማሪዎቹ በግቢ ጉባኤ ተሰብስበው ሃይማኖታቸውን ይማራሉ፤ ከትምህርቱም አንዱ ድኻን መርዳት ነው።

እንግዲህ አንዱ ተማሪ ቃሉን ሰምቶ ሲመጸውት፥ ሌላው ተነሥቶ ድኾች ሠርተው የሚበሉበትን፥ ወጪውንም በገቢው የሚችል ድርጅት እንዲያቆም የሚያነሣሣው ምንድን ነው? የኮፐንሃገኑ ምሁር ካይ ሆከርትስ በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፥ ከርኅራኄና ከግዴታ ስሜት ይልቅ የሚበረታው «እችለዋለሁ» የሚለው እምነት መሆኑን ገልጧል፤ ይህም እምነት የሚያድገው ችግረኞችን ቀርቦ አብሮ በመሥራት ነው። ቅዱስ ባስልዮስም በ4ኛው መቶ ዓመት በቂሣርያ ለድኾችና ለሕሙማን ማረፊያ ሲሠራ የእጅ ሥራ ቤቶችን አብሮ አቁሟል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ በዕረፍቱ ወራት በሐይቁ ዳር ዓሣ ለምትሸጥ መበለት የገቢና የወጪ ሒሳቧን ይጻፍላት፤ ዋጋው የሚወድቅበትን፥ ዓሣውም የሚበላሽበትን ምክንያት አብሯት ይመርምር። እንዲህ የለመደ ልጅ ዲግሪውን ሲቀበል፥ ቅጥር ፍለጋ ደጅ ከመጥናት ይልቅ ለራሱም ለድኻውም የእንጀራ በር ሊከፍት ይችላል።