ኩልል ያለ ውኃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

«ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። ጥሩ ውኃ የትኛው ነው? ብዙዎቻችን «የጠራው ነዋ!» እንላለን። ወርቅ፣ ብር ወይም መዳብ የሚቆፈርበት ተራራ ሥር ግን ይህ መልስ ሁልጊዜ አይሠራም። ለምን?

ተራራው ሲቆፈር ምን ይሆናል?

ወርቅ ባለበት ዐለት ውስጥ ብዙ ጊዜ ከድኝ ጋር የተዋሐደ ብረት ይገኛል። ቢጫ ነው፣ ያብለጨልጫል። ወርቅ ነው ብሎ የሚታለልም አለ። ይህ ዐለት በመሬት ሆድ ውስጥ ሳለ ጉዳቱ ጥቂት ነው። ተቆፍሮ አየርና ውኃ ሲያገኘው ግን አሲድ ይፈጠራል። በመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ፈሳሽ የዚሁ ዓይነት አሲድ ነው። አሲዱ በዐለቱ ውስጥ ያሉትን እርሳስ፣ አርሴኒክና ካድሚየም የሚባሉ መርዞች አሟሙቶ ይዞ ይወርዳል። ስኳር ሻይ ውስጥ ከሟሟ በኋላ ይታያል እንዴ? አይታይም። መርዙም እንደዚያው ነው።

በሌላ አገር የደረሰ ነገር

በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ተራሮች ላይ ጎልድ ኪንግ የሚባል የወርቅ ጉድጓድ አለ። ሥራ ካቆመ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ውኃ ግን በውስጡ ይጠራቀም ነበር። ሐምሌ 29 ቀን 2007 ዓ.ም. የመንግሥት አካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያሰማራቸው ሠራተኞች አፉን ሲቆፍሩ፣ ታፍኖ የኖረው ውኃ ገንፍሎ ወጣ። 11 ሚሊዮን ሊትር ያህል ነበር። አኒማስ የተባለው ወንዝ ብርቱካን መሰለ። ከታች ያሉት የናቫሆ ገበሬዎች ሰብላቸው ማሳ ላይ ሳለ የመስኖ ቦያቸውን ዘጉ።

ቀለሙ በጥቂት ቀናት ጠፋ። ምርመራው ግን አልቆመም። መርዙ ከጭቃው ጋር ወንዙ ወለል ላይ ይተኛል፤ ጎርፍ ሲመጣ እንደገና ይነሣል። በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከጉድጓዱ የሚወጣውን ውኃ በኖራ የሚያጣራ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ኖራ አሲዱን ያበርዳል፤ የሟሟው ብረትም ይዘቅጣል።

ውኃው እንዴት ይመረመራል?

1. ከሦስት ቦታ ይቀዳል፤ ከጉድጓዱ በላይ፣ ከጉድጓዱ አጠገብና ከጉድጓዱ በታች። የላይኛው ደኅና ሆኖ የታችኛው ከተበላሸ፣ ጥፋቱ ከመካከል መጣ ማለት ነው።

2. ቁፋሮው ሳይጀመር ይለካል። ያለዚያ «ድሮም እንዲሁ ነበር» ለሚል ሰው መልስ አይገኝም።

3. በበጋም በክረምትም ይለካል። የመጀመሪያው ዝናብ በበጋ የተጠራቀመውን ሁሉ አጥቦ ያወርዳልና እሱ አይታለፍ።

4. ሰማያዊ የሊትመስ ወረቀት ይነከራል። ወደ ቀይ ከዞረ አሲድ አለ። ወረቀቱ ግን እርሳስንና አርሴኒክን አይለይም። ለእነሱ ውኃው ላቦራቶሪ በሚሰጠው ንጹሕ ጠርሙስ ተቀድቶ መላክ አለበት። ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ ጠርሙሱ ላይ ይጻፋል።

5. የወንዙ ድንጋይ ይገለበጣል። በደኅና ወንዝ ድንጋይ ሥር ትናንሽ ነፍሳት ይርመሰመሳሉ። ድሮ የነበሩት ከጠፉ፣ ወይም ድንጋዩ ብርቱካን የመሰለ ዝቃጭ ከለበሰ፣ ይህ ምልክት ነው።

ማፍላት አያድንም

ይህን ልብ በሉ! ውኃ ማፍላት የበሽታ ተሕዋስያንን ይገድላል። ማፍላት ግን እርሳስንና አርሴኒክን አያጠፋም። እንዲያውም ውኃው ተንኖ ሲያንስ መርዙ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። እንዲህ ያለ ውኃ ከተጠረጠረ ለሕፃንም ለከብትም አይሰጥ፤ ከሌላ ምንጭ ይቀዳ።

ደብተርና እርሳስ

መጻፍ የተማረ ሰው ወንዙን መጠበቅ ይችላል። በየሳምንቱ፣ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት ያየውን ይጻፍ። ቀን፣ ቦታ፣ የውኃው ቀለም፣ የሊትመሱ ቀለም፣ የሞተ ዓሣ ወይም የታመመ ከብት ካለ እሱንም። በአፍ የተነገረ አቤቱታ «ወሬ ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ቀን ያለው ጽሑፍ ግን ማስረጃ ይሆናል።

ካነበባችሁ በኋላ ተወያዩ

ሀ. ኩልል ያለ ውኃ መርዝ የሚሆነው እንዴት ነው?
ለ. ከጉድጓዱ በላይ ያለው ውኃ ለምን ይለካል?
ሐ. ከእናንተ ወንዝ በላይ ምን ይቆፈራል?