ያውቁ ኖሯል? የታፈነ ክፍል ገንዘብም ያስቀራል

በአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ለትምህርት ቤቶች የሚመደበው የመንግሥት ገንዘብ የሚሰላው በተመዘገቡት ሳይሆን በየዕለቱ ክፍል በሚገኙት ተማሪዎች ልክ ነው። ልጁ ጉንፋን ይዞት ሲቀር ገንዘቡም አብሮት ይቀራል። የሎውረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች በ28 ትምህርት ቤቶች 162 ክፍሎችን ለሁለት ዓመት ተከታትለው በ2013 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት፣ በካሊፎርኒያ ክፍሎች ለአንድ ሰው በሰከንድ በአማካይ 4 ሊትር የሆነው የውጭ አየር የግዛቷ ደንብ ወደሚጠይቀው 7.1 ሊትር ቢያድግ በሕመም መቅረት በ3.4 በመቶ ይቀንሳል። ኢምንት ይመስላል፤ ግን በግምታቸው መሠረት ለግዛቷ ትምህርት ቤቶች በዓመት 33 ሚሊዮን ዶላር ያስገባል። ወጪውስ? 4 ሚሊዮን ብቻ! «ብርድ ይመታናል» እያለ መስኮት የሚዘጋ ሰው አጠገብዎ ካለ ይህን ያንብቡለት።