የጎርፍ ጉዳት በማሳ ላይ ብቻ አይቀርም

ባሕር ዳር፦ በጣና ሐይቅ ዳርቻ ጎርፍ በደረሰ ቁጥር የጠፋው ሰብልና ያለቀው ከብት ይመዘገባል። በሰው አእምሮ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ብዙ ጊዜ ከመዝገብ ውጪ ይቀራል።

የርብና የጉማራ ወንዞች የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ወደ ሐይቁ ይገባሉ። ክረምቱ ሲበረታ ወንዞቹ ከአፍ እስከ ገደፋቸው ይሞላሉ፤ ሐይቁም ከሞላ ውሃው መውረጃ አጥቶ በማሳና በመንደር ላይ ይተኛል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያና በ2012 ዓ.ም. ክረምት በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደምቢያ የደረሰው ጎርፍ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው አፈናቅሏል።

አየር በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ሊይዝ የሚችለው የውሃ ተን በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በዚህም ምክንያት ዝናቡ ሲመጣ ይከብዳል። የአየር ንብረት ለውጥን የሚመረምረው የመንግሥታት ፓነል በየካቲት 2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ለውጡ የሰዎችን የአእምሮ ጤና ጭምር እየጎዳ መሆኑን ገልጿል።

ሩዙን ውሃ የወሰደበት ገበሬ የማዳበሪያ ዕዳው አብሮ አይወሰድለትም። በሬውን ይሸጣል፤ እንቅልፍ ያጣል፤ ከሰው ይርቃል፤ አረቄ ያበዛል። ጎረቤቱም «ሰነፈ» ይለዋል። ከጉዳት በኋላ ማዘን የማንም ሰው ጠባይ ነው። ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት አልፎ ምግብና እንቅልፍ ከነሳው፣ ወደ ማሳው መውጣትም ካቃተው ግን ድባቴ የሚባለው ሕመም ሊሆን ይችላል። ይህም በምክርና በመድኃኒት ሊድን የሚችል ሕመም ነው።

ስለሆነም የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ከጎርፍ በኋላ ከስብሰባ የቀረውን፣ ከደቦ የተለየውን አባል በመቅጣት ፈንታ ቤቱ ሄደው ሊጠይቁት ይገባል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደ ጤና ጣቢያ ትመራዋለች፤ ሕመሙ ከበረታም ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ጠበል የሚጠመቅ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም። ሞትን የሚመኝ ሰው ብቻውን አይተው፤ የፀረ ተባይ መርዝም ከቤቱ ይራቅ።

ምክር ብቻውን አይበቃም። ማኅበሩ ዕዳው እንዲራዘምለት ቢነጋገርለት፣ ውሃው ሲሸሽም በቀረው እርጥበት ሽምብራ እንዲዘራ ዘርና በሬ ቢያውሰው፣ የሸክሙ ግማሽ ይቀልለታል።