የቤት አውቶሞቢል ሞተር ስለ መለወጥ

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፥ የቆየች ኮሮላውን ጉልበት ባለው ሞተር ለማደስ የሚያስብ ነጋዴ ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ደምበጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ስለምትበልጥ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ደላላ ይህን አይናገርም። ስለዚህ አስቀድሞ የነባሩን ሞተር ኮምፕሬሽን ማስለካት ይገባል፤ የደከመ የመሰለው ከፍታው ያሳነፈው ሊሆን ይችላልና።

ሞተሩ የግድ ከተለወጠም፥ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ከደጀን በታች ያለውን የዓባይን በረሃ ያስብ። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሲወርዱ ፍሬን፥ ሲወጡ ራዲያተር ይፈተናል። የእነዚህ ወጪ ከሞተሩ ዋጋ ጋር አብሮ ይታሰብ። የሞተሩም ሕጋዊ ሰነድ ከሻጩ ይጠየቅ፤ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ካልተስማማ መኪናዪቱን ለመሸጥ ያስቸግራል።