ያውቁ ኖሯል? ሰዓት የሚሻሻለው በእግር ብቻ አይደለም

3.86 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ በዚያ ላይ ሙሉ ማራቶን። ሁሉም በአንድ ቀን፣ ሰዓቱ አንዴም ሳይቆም። አይረንማን የሚባለው ረጅሙ ትራያትሎን ይህ ነው። የብስክሌቱ ክፍል ብቻ ከአዲስ አበባ አዳማ ደርሶ የመመለስ ያህል መንገድ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያውቁ ኖሯል? ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከክርክር ነው። በ1977 ሃዋይ ውስጥ ስፖርተኞች «ሯጭ ይበልጣል ወይስ ዋናተኛ?» እያሉ ሲሟገቱ፣ ጆን ኮሊንስ የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን የብስክሌተኛውን የኤዲ መርክስን ስም አንስቶ ነገሩን አወሳሰበው። መፍትሔውም በኦዋሁ ደሴት ለየብቻ ይካሄዱ የነበሩ ሦስት ውድድሮችን በአንድ ቀን ማስሮጥ ሆነ።

180 የሚለው ቁጥርስ? ሳይንስ የለበትም። የኦዋሁ ዙሪያ የብስክሌት ጉዞ 185 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በሁለት ቀን ነበር የሚጠናቀቀው። ኮሊንስ ዋናው ካለቀበት ተነስቶ የሆኖሉሉ ማራቶን መነሻ ላይ እንዲያበቃ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ቆረጠለት። ዛሬ በመላው ዓለም ሰው የሚለፋው በዚያ ሰውዬ የካርታ ሒሳብ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1978 ውድድሩን የጀመሩት 15 ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ የጨረሱት 12። ያኔ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ውኃና ምግብ የሚያቀብሉትን ሰዎች ራሱ ይዞ ይመጣ ነበር። ሲመራ የነበረው ጆን ደንባር ማራቶኑ ላይ እያለ አጃቢዎቹ ውኃ አለቀባቸው፤ የሰጡት ቢራ ነበር። ያሸነፈውም የታክሲ ሹፌሩ ጎርደን ሃለር ሲሆን፣ ሰዓቱ 11:46:58 ነበር። ያ ሰዓት ዛሬ አንድን አማተር ያኮራል እንጂ አያሸልምም። በዓመቱ የተወዳደረችው የመጀመሪያዋ ሴት ሊን ለሜር ደግሞ ከወንዶቹ ጋር ተቆጥራ አምስተኛ ወጣች።

ያውቁ ኖሯል? ኖርዌያዊው ክርስቲያን ብሉመንፌልት በ2021 በሜክሲኮ ኮዙሜል 7:21:12 ገብቷል። ለዚያውም የመጀመሪያ አይረንማኑ ነበር። ከዋናና ከብስክሌት በኋላ ማራቶኑን የሮጠው በ2:35:24 ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው በ2:15:16 እንደነበር ልብ ይሏል፤ አበበ ግን ጠዋቱን ባሕር ውስጥ አላሳለፈም።

ነገር ግን እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ብሉመንፌልት 3.86 ኪሎ ሜትሩን ዋና የጨረሰው በ39:41 ነው። የኮዙሜል ባሕር ሞገደኛ ጅረት ተወዳዳሪውን ከኋላው ይገፋዋል። በሃዋዩ የኮና ውድድር ግን ሙቀቱ፣ የጎን ነፋሱና ሙቀት የሚይዘውን የላስቲክ ዋና ልብስ መከልከሉ ተደማምረው ሰዓት ይበላሉ። የኮና ክብረ ወሰን በ2024 ፓትሪክ ላንገ ያስመዘገበው 7:35:53 ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «የግል ምርጥ ሰዓቴን አሻሻልኩ» ሲልዎት መጀመሪያ የሚጠየቀው «የት?» ተብሎ ነው።

ያውቁ ኖሯል? በሜዳማ መንገድ ላይ ለሚፈጥን ብስክሌተኛ ዋናው ጠላት ነፋስ ነው። ፍጥነትን 10 በመቶ ለመጨመር የነፋሱ ግፊት ብቻ 33 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል። ብልህ ተወዳዳሪ ታዲያ ጉልበት ከመጨመር ይልቅ ክርኑን ሰብስቦ፣ አንገቱን ቀብሮ ጎንበስ ይላል። ፔዳል ላይ ያለ ልክ የተንገበገበ ሰው ዕዳውን የሚከፍለው ማራቶኑ ላይ ነው፤ ለዚያውም ከነወለዱ። ከፊተኛው ብስክሌት ጀርባ ተጠግቶ ነፋስ መሸሽም አይፈቀድም፤ ለአማተሮች የተለመደው ርቀት 12 ሜትር ነው። ውኃ ውስጥ ግን የፊተኛውን እግር ተከትሎ መዋኘት ሕጋዊ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ከጡንቻ ይልቅ ብዙ ሰው የሚጥለው ሆዱ ነው። ሰውነት ያከማቸው ስኳር ለዚህ ሁሉ ሰዓት አይበቃም። ስለዚህ በየሰዓቱ ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድ የተለመደ ነው፤ በሙዝ ቢሰላ ሁለት ሦስት ሙዝ። አንጀት ግሉኮስን የሚያሳልፈው በሰዓት 60 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ፍሩክቶስ የሚያልፈው በሌላ በር ስለሆነ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ብዙ ይገባል። ይህንንም አንጀት በልምምድ ይማረዋል፤ ያልለመደ ሆድ በውድድር ቀን ያዋርዳል። ውኃ ከመጠን በላይ መጠጣትም የደም ጨውን አቅጥኖ ለሕይወት ያሰጋል።

ጉልበት ሲያልቅ ምን እንደሚመስል ዓለም ያየው በ1982 የአይረንማን ውድድር ላይ ነው። ጁሊ ሞስ እየመራች መጨረሻው መስመር አጠገብ እግሯ ከዳት፤ ወደቀች፣ ተነሳች፣ ደግማ ወደቀች። ካትሊን ማካርትኒ አልፋት አሸነፈች፤ ሞስ በ29 ሰከንድ ተቀድማ እየዳኸች ገባች። ዛሬም የሚወራላት ግን ሁለተኛዋ ናት።

ያውቁ ኖሯል? ከውኃ ወጥቶ ብስክሌት ላይ ለመውጣት፣ ከብስክሌት ወርዶ ጫማ ለመቀየር የሚጠፋው ጊዜም ይቆጠራል። ማሰሪያውን በላስቲክ መቀየር ብቻ ሰከንዶች ያተርፋል፤ ሰዓት ለማሻሻል ከዚህ የረከሰ ዘዴ የለም።

ያውቁ ኖሯል? የተለመደው የጊዜ ገደብ 17 ሰዓት ነው። ጃፓናዊውን ሂሮሙ ኢናዳን በ2015 ኮና ላይ ገደቡ በጥቂት ሰከንዶች አመለጠው። በ2018 ግን በ85 ዓመቱ ተመልሶ 16:53:49 ገባ።

ሰዓት የማያሳስባቸው ውድድሮችም አሉ። የኖርዌዩ ኖርስማን ተወዳዳሪዎቹን ከመርከብ ወደ ቀዝቃዛ ፊዮርድ ያስዘልላል፤ መጨረሻው ጋውስታቶፔን ተራራ ጫፍ ላይ ነው። የገንዘብ ሽልማት የለም፤ ቀድመው ለሚደርሱት ጥቁር ካናቴራ ይሰጣል። ሰዓት ማሻሻል ያማረዎት እንደሆነ ይህን ይተዉትና ፈጣን በሆነው የጀርመኑ ሮት ይመዝገቡ፤ አን ሃውግ በ2024 በ8:02:38 የሴቶችን ፈጣን ሰዓት ያስመዘገበችው እዚያ ነው። ብቻ ጣትዎ ይፍጠን፤ የሮት የኢንተርኔት ምዝገባ በአንድ ደቂቃ ገደማ ያልቃል።