የሰው ልጅ እምነት ይጣልበታልን?

«ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» የሚለው አባባል ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የኖረ ነው። በሥራ ቦታም ሆነ በማኅበር ውስጥ ሰውን በቁጥጥርና በቅጣት ብቻ ለመምራት ለሚሹ ሁሉ ይህ አስተሳሰብ ምቹ መጠለያ መሆኑ ሊጤን ይገባዋል።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በአሜሪካ የተነሣው ሰብአዊ ሥነ ልቦና ይህንኑ ጥርጣሬ የሚቃወም ጎራ ነው። ቀደም ሲል በመስኩ ገንነው ከነበሩት ሁለት ጎራዎች አንደኛው፣ ሲግመንድ ፍሮይድ የመሠረተው፣ ሰው ከራሱ በተሰወሩ ፍላጎቶች ይነዳል ሲል፣ ሁለተኛው ደግሞ ሰው ሽልማትና ቅጣት እንዳስለመዱት ይኖራል ይል ነበር። አብርሃም ማስሎ «ሦስተኛው ኃይል» ያለው አዲሱ ጎራ በአንጻሩ የሰው ልጅ በተፈጥሮው ወደ ዕድገት የሚያዘነብል መሆኑን አስተማረ።

ማስሎ እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳብራራው፣ ሰው በቅድሚያ ምግብና ውሃ፣ ቀጥሎም ደኅንነት፣ ከዚያም ፍቅርና ክብር ይሻል፤ እነዚህ በመጠኑ ሲሟሉለት በውስጡ ያለውን ችሎታ ለመግለጽ ይነሣሣል። የሙያ ባልደረባው ካርል ሮጀርስም በልጅነቱ በምድር ቤት ተከማችተው ያያቸውን ድንቾች በምሳሌነት ያነሣ ነበር። ድንቾቹ በጨለማ ውስጥ ሆነው የገረጣ ቡቃያ በማውጣት ከትንሿ መስኮት ወደሚገባው ብርሃን ይሳቡ ነበር። የቡቃያው መገርጣት ከጨለማው የመጣ መሆኑ ግልጽ ነው።

ይህ እምነት በፋብሪካም ተፈትኗል። በካሊፎርኒያ የኤሌክትሪክ መለኪያ መሣሪያ ያመርት የነበረው ኖን ሊኒየር ሲስተምስ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960 ሠራተኛው በተርታ ተሰልፎ አንዲት ቁራጭ ሥራ የሚደጋግምበትን አሠራር አስቀርቶ ምርቱን ለትናንሽ ቡድኖች ሰጠ። ማስሎም በ1962 አጋማሽ በዚያ ተገኝቶ ሁኔታውን ተመለከተ፤ ማስታወሻውንም በ1965 አሳተመ። ይሁን እንጂ የኋላ ኋላ ገበያው ሲከፋ ኩባንያው ወደተለመደው አሠራር ተመለሰ።

ሊሰመርበት የሚገባው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። እምነቱን የሰጠው ባለቤቱ ነበር፤ የነሣውም እርሱው ነው። ሠራተኛው ቢታመንም በውሳኔው ላይ ሥልጣን አልነበረውም። በአንድ ሰው በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ የቆመ ነጻነት ሒሳብ ሲጎድል አስቀድሞ ይሠዋል።

በሌላ በኩል የዚሁ ጎራ አባል የነበረው ሮሎ ሜይ እ.ኤ.አ. በ1982 ለሮጀርስ በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ፣ ክፋትን በኅብረተሰቡ ላይ ብቻ ማላከክ እንደማይቻልና በጎውም ክፉውም በሰው ውስጥ እንዳለ ሞግቷል። ማስጠንቀቂያው ተገቢ ነው።

በመሆኑም ሰውን ማመን ማለት ግምጃ ቤቱን ያለ ጠባቂ መተው ማለት አይደለም። የማኅበሩ ገንዘብ ያዥም ሆነ ሊቀ መንበሩ ለአባላቱ እኩል መልስ ይስጡ፤ እቅዱን በሥራ የሚፈጽመው ሠራተኛም እቅዱ ሲወጣ ድምፅ ይኑረው። የሰው ማንነት በእርግጥ የሚታወቀው ሳይቀበር፣ በሕይወት ሳለ፣ ኃላፊነት ሲሰጠው ነው።